አንድ ዘፈን፣ ሦስት ስቴትመንት፦ የስፖቲፋይ፣ የአፕልና የዩቲዩብ ቁጥር ለምን አይገጥምም?

ቀለመ_ጣና

ሰላም ወገን። ባህር ዳር ለሚገኝ የባህል ባንድ ሒሳብ እይዛለሁ። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣ ነጠላ ዜማ አላቸው። ስቴትመንቱ (የገቢ ዝርዝሩ) እጄ ላይ ነው፤ የማነጻጽረው ሁሉ ግን አልገጥም አለኝ።

ስፖቲፋይ ፎር አርቲስትስ (አርቲስቶች ቁጥራቸውን የሚያዩበት ዳሽቦርድ) ላይ የመስከረም ወር 41,200 ስትሪም (መደመጥ) ይላል። ዲስትሪቢውተሩ (ዜማውን ለእነዚህ አገልግሎቶች የሚያደርሰውና ክፍያውን የሚያመጣው ድርጅት) የላከው ፋይል ላይ የሴፕቴምበር ድምር 25,870 ነው፤ ክፍያው 58.10 ዶላር። አፕል ሙዚቃ 6,310 ጊዜ ብቻ ተደምጦ 37.20 ዶላር ከፍሏል። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ላይ ክሊፑ 310,000 እይታ አለው፤ ስቴትመንቱ ላይ ግን የዩቲዩብ መስመሮች ሁሉ ተደምረው 71,400 ናቸው።

የባንዱ አባላት ሰባት ናቸው፤ ግጥምና ዜማው የሌላ ሰው ነው። «ገንዘቡ የት ገባ?» ሲሉኝ በማስረጃ መመለስ እፈልጋለሁ። ዲስትሪቢውተሩን ከመጠየቄ በፊት ምን ምን ላጣራ?

ማሲንቆ_ቤት

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቀኑን አስተካክዪ። የእኛ መስከረምና የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር አንድ ወር አይደሉም። ዜማው የወጣው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ስለዚህ የሴፕቴምበር ስቴትመንት የያዘው ከመስከረም 1 እስከ 20 ያለውን 20 ቀን ብቻ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ እስከ መስከረም 30 ከቆጠርሽ እስከ ኦክቶበር 10 ድረስ ሄደሻል። ያ 10 ቀን የሚመጣው በኦክቶበር ስቴትመንት ነው። «የመጨረሻ 28 ቀን» የሚለውን እይታም ተዪው፤ የዕለት ዕለቱን ቁጥር በሲኤስቪ (በኤክሴል የሚከፈት የሠንጠረዥ ፋይል) አውርጂና ከሴፕቴምበር 1 እስከ 30 ያለውን ብቻ ደምሪ።

አፕል የሚዘጋው በካሌንደር ወር ሳይሆን በራሱ የበጀት ወር ነው። ወሩ እሑድ ይጀምርና ቅዳሜ ያልቃል። በየሩብ ዓመቱ የመጀመሪያው ወር 5 ሳምንት፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ አራት አራት ሳምንት ናቸው። የ2024 የአፕል ሴፕቴምበር የተዘጋው በ28ኛው ቀን ነው። ለዚህ ዜማ አፕል 18 ቀን፣ ስፖቲፋይ 20 ቀን ቆጥረዋል ማለት ነው። የአፕል ኦክቶበር ከሴፕቴምበር 29 እስከ ኖቬምበር 2 ስለሚሄድ 35 ቀን አለው። በዚያ ወር አፕል አድጎ ብታዪው ከፊሉ ምክንያት የቀኑ ብዛት ነው።

አንድ ሌላ ነገር፦ ፋይሉ ላይ ሁለት የቀን ዓምዶች አሉ። አንደኛው የተደመጠበት ወር፣ ሌላው ሪፖርቱ የገባበት ቀን ነው። በመካከላቸው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ልዩነት አለ። ማነጻጸር ያለብሽ በተደመጠበት ወር ነው።

ፈጣን_መልስ

ስፖቲፋይ በአንድ ስትሪም 0.004 ዶላር ነው የሚከፍለው። 25,870 ሲባዛ 103 ዶላር ከ48 ሳንቲም ይመጣል። 58 ዶላር ከሰጧችሁ ዲስትሪቢውተሩ ግማሽ ያህሉን በልቷል። ምን ማጣራት ያስፈልጋል?

ሚዛን_ቆጣሪ

ወንድሜ፣ 0.004 የሚባል ታሪፍ የለም። እሱ ሰዎች ጠቅላላ ክፍያን በጠቅላላ ስትሪም አካፍለው ያወጡት አማካይ ነው። በዚህ ቁጥር ሰውን ሌባ ማለት ተገቢ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየአገሩና በየአገልግሎቱ ዓይነት የሚገባው ገንዘብ ለየብቻ ይጠራቀማል፦ በማስታወቂያ የሚሰማው ነጻው፣ የግለሰብ ፕሪሚየም፣ የቤተሰብ፣ የተማሪ። ከዚያ የባለመብቶች ድርሻ ተነሥቶ፣ በዚያ አገር በዚያ ወር ከተደመጠው ጠቅላላ ብዛት ያንተ ዜማ ስንት እጅ እንደያዘ ተሰልቶ ይከፈላል። ዳቦው አንድ ነው፤ በላተኛው ሲበዛ ቁራሹ ያንሳል።

ለማሳያ ብቻ በቁጥር ላስቀምጠው። በአንድ አገር ፕሪሚየም ላይ ለቀረጻ ባለመብቶች የሚከፋፈለው 100,000 ዶላር፣ ጠቅላላው ስትሪም 30,000,000 ነው እንበል። 10,000 ስትሪም ያለው ዜማ 33.33 ዶላር ያገኛል። በዚያው አገር በነጻው በኩል የሚከፋፈለው 8,000 ዶላር፣ ጠቅላላው 10,000,000 ቢሆን፣ ተመሳሳይ 10,000 ስትሪም 8 ዶላር ነው። በሚቀጥለው ወር የፕሪሚየሙ ገንዘብ ሳይጨምር ጠቅላላው ስትሪም 36,000,000 ቢደርስ፣ የአንተ 10,000 ሳይቀንስ ክፍያው ወደ 27.78 ይወርዳል። ማንም አልሰረቀም።

የቀለመ_ጣናን ቁጥር ካካፈልነው ስፖቲፋይ 0.00225፣ አፕል 0.0059 ዶላር ገደማ ይወጣል። አፕል በማስታወቂያ የሚሰማ ነጻ አገልግሎት የለውም፤ ልዩነቱ በዋናነት ከዚያ ይጀምራል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ለአርቲስቶች በጻፈው ደብዳቤ አማካዩ በአንድ መደመጥ 1 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው ብሎ ነበር። ይህን ይዘው «0.0059 ለምን?» የሚሉ አሉ። ያ ሳንቲም የግለሰብ ደንበኝነትን የሚመለከት አማካይ ከመሆኑም በላይ የደራሲዎችንም ድርሻ ጨምሮ ነው። የዲስትሪቢውተር ስቴትመንት ላይ የሚመጣው የቀረጻው ድርሻ ብቻ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ዋናው ዓምድ የአገር ዓምድ ነው። በአገር ለይተሽ ክፍያውን ለብዛቱ አካፍዪ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተደመጠው በብዛት ትልቁን፣ በገንዘብ ትንሹን ይዞ ልታገኚው ትችያለሽ። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን በቁጥር አንሰው በገንዘብ ይበልጣሉ።

ፈጣን_መልስ

ገባኝ፤ በአገር መለየቱን አላሰብኩትም ነበር። ታዲያ በዚያው አገር፣ በዚያው ወር ካለ ሌላ ዜማቸው ጋር ሲተያይም ቢያንስስ?

ሚዛን_ቆጣሪ

ያ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሦስት ነገር እይ።

ዲስከቨሪ ሞድ የሚባለውን ዲስትሪቢውተሩ ወይም አንዱ የባንዱ አባል አብርቶት ይሆናል። ስፖቲፋይ ዜማውን በሬዲዮና በአውቶፕሌይ (የተመረጠው ሲያልቅ በራሱ በሚቀጥለው) በብዛት እንዲያቀርበው ይደረግና፣ በእነዚያ መንገዶች ከተደመጠው የቀረጻ ክፍያ ላይ 30 በመቶ ይቆርጣል። ብዛቱ ሲጨምር አማካዩ ይወርዳል።

ሁለተኛው የ1,000 ደንብ ነው። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ስፖቲፋይ ላይ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ስትሪም ያልሞላ ትራክ የቀረጻ ክፍያ አያመጣም። ዳሽቦርዱ ግን ስትሪሙን ያሳያል። አሥራ አራት ትራክ ያለው የአዝማሪ አልበም ጭነው አሥሩ ዜሮ የሚሆንባቸው በዚህ ነው።

ሦስተኛው የተገዛ ስትሪም ነው። «በ20 ዶላር 10,000 አድማጭ» የሚሉትን ማስታወቂያዎች አትንኳቸው። ሐሰተኛ ስትሪም ከክፍያ ይወጣል፤ ነገሩ ከበዛ ደግሞ ስፖቲፋይ ዲስትሪቢውተሩን በትራክ በወር 10 ዩሮ ገደማ ያስከፍለዋል፤ እሱም ወደ እናንተ ሊያወርደው ይችላል። ስቴትመንቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ያለው መስመር ካያችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቀድሞ ወር እርማትም እንዲሁ በመቀነስ ይመጣል።

ቀለመ_ጣና

የዕለቱን ቁጥር አውርጄ ከሴፕቴምበር 1 እስከ 30 ደመርኩ፤ 26,115 መጣ። ከስቴትመንቱ ጋር ያለው ልዩነት 245 ብቻ ሆነ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማሲንቆ_ቤት።

አሁን ሌላ ችግር። ፋይሉን በኤክሴል ስከፍተው የአማርኛው ርዕስ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ የአልበሙ መለያ ቁጥር ደግሞ መሐሉ ነጥብና ፊደል ገብቶበት ያጥራል። በአገር ለመለየት ይህን ማስተካከል አለብኝ።

ሠንጠረዥ

ፋይሉን በሁለት ክሊክ አትክፈቺው። ባዶ ኤክሴል ክፈቺ፣ ዳታ የሚለው ውስጥ ገብተሽ ከጽሑፍ ወይም ከሲኤስቪ አምጣ የሚለውን ምረጪ። የፋይሉን አመጣጥ 65001 ዩቲኤፍ-8 አድርጊው፤ አማርኛው ይስተካከላል። ቀጥሎ ዩፒሲ (የአልበሙ መለያ ቁጥር) የሚለውን ዓምድ «ቴክስት» አድርጊው። 12 ወይም 13 አኃዝ ያለውን ቁጥር ኤክሴል እንደ ብዛት ስለሚያየው ነው የሚያሳጥረው። እንደዚያ ሆኖ በሲኤስቪ ሴቭ ከተደረገ የጠፉት አኃዞች አይመለሱም። ዋናውን ፋይል ሳትነኪ አስቀምጪና በኮፒው ላይ ሥሪ።

ክፍያውን በየመስመሩ አታጠጋጊ። ብዙ መስመር 0.0008 ዶላር ዓይነት ነው፤ ወደ ሁለት አኃዝ ካጠጋጋሽው ዜሮ ይሆናል። ደምረሽ መጨረሻ ላይ ብቻ አጠጋጊ። ኮምፒውተሩ የነጥብና የሰረዝ አጻጻፉ በአውሮፓ ደንብ ከሆነ ደግሞ 0.0021 እንደ ቃል ይነበብና ድምሩ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ባህር ዳር ኢንተርኔት ቤት ገብተሽ የምትሠሪ ከሆነ ይህን መጀመሪያ እዪ።

ከዚያ ፒቮት ቴብል (መስመሮቹን በየዓይነቱ የሚደምር ሠንጠረዥ) ሥሪ። በረድፍ አይኤስአርሲ (የቀረጻው መለያ ኮድ)፣ ከሥሩ አገልግሎቱና አገሩ፤ በዓምድ የተደመጠበት ወር፤ በዋጋ ቦታ የብዛትና የክፍያ ድምር። ከርዕስ ይልቅ በአይኤስአርሲ ለዪ፤ ርዕስ በየሱቁ በተለያየ አጻጻፍ ይመጣል።

አንድ የሚረሳ ዓምድ አለ። ክፍያው ለሰባቱ አባላት ዲስትሪቢውተሩ ላይ ተከፋፍሎ ከተመዘገበ፣ አንዳንዱ ፋይል ብዛቱን ሙሉ፣ ክፍያውን ግን የአካውንቱን ባለቤት ድርሻ ብቻ ያሳያል። የድርሻ መቶኛ የሚል ዓምድ ካለ 100 መሆኑን አረጋግጪ።

ክሊፕ_አርታኢ

ዩቲዩቡን እኔ ልውሰደው። 310,000ና 71,400 መነጻጸር የለባቸውም፤ የተለያየ ነገር ነው የሚቆጥሩት።

አንድ ዜማ ዩቲዩብ ላይ ብዙውን ጊዜ አራት ቦታ ይገኛል። የመጀመሪያው የባንዱ ቻናል ላይ ያለው ክሊፕ ነው። ሁለተኛው ዲስትሪቢውተሩ ድምፁን ከአልበሙ ሽፋን ጋር የላከው፣ ስሙ መጨረሻ ላይ «ቶፒክ» በሚል ቻናል የሚታየው አርት ትራክ ነው። ሦስተኛው ሌላ ሰው ዜማውን የተጠቀመበት ቪዲዮ ነው፤ ጣና ዳር የተቀረጸ ሰርግ፣ ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ ላይ የተነሣ ቪሎግ። አራተኛው ሾርትስ (አጭር ቪዲዮ) ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ በአድሴንስ (በጉግል የማስታወቂያ ክፍያ አካውንት) በኩል ወደ ቻናሉ ባለቤት ይሄዳል እንጂ ዲስትሪቢውተሩ ፋይል ውስጥ አይገባም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው ስቴትመንቱ ላይ የሚመጡት፣ ሦስተኛው ግን ዜማው ኮንቴንት አይዲ (ዩቲዩብ የተመዘገበ ድምፅ በሌላ ቪዲዮ ውስጥ ሲገኝ የሚለይበት ሲስተም) ላይ ከተመዘገበ ነው። የሾርትስ ስሌት ሌላ ነው፤ በረጅም ቪዲዮ የቻናሉ ድርሻ ከማስታወቂያው 55 በመቶ ሲሆን በሾርትስ 45 ነው።

የባንዱ ቻናል ከኮንቴንት አይዲ ነጻ እንዲሆን ካልተመዘገበ፣ ዲስትሪቢውተሩ የራሳችሁን ክሊፕ የሌላ ሰው መስሎት ይይዘዋል (ገቢው የእኔ ነው ይላል)። ያኔ የክሊፑ የማስታወቂያ ገቢ ከአድሴንስ ጠፍቶ በስቴትመንቱ ይመጣል፣ የዲስትሪቢውተሩ የኮንቴንት አይዲ ኮሚሽን ተቆርጦበት። ስቱዲዮ ውስጥ ክሊፑ አጠገብ የቅጂ መብት ምልክት ካለ ክፈቺው፤ የያዘው ማን እንደሆነ ይጽፋል። የራሳችሁ ዲስትሪቢውተር ከሆነ የቻናሉን ሊንክ ላኩለትና ይልቀቀው።

የያዘው የማታውቁት ሰው ከሆነ ተቃውሞ አስገቡ። በተያዘ በ5 ቀን ውስጥ ካስገባችሁ ገቢው ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ተለይቶ ይቀመጣል። ከ5 ቀን ካለፈ ተቃውሞው ከገባበት ቀን ጀምሮ ብቻ ነው። ያዡ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ተለይቶ የተቀመጠ ገንዘብ እስኪወሰን ድረስ ለማንም አይከፈልም።

በባህል ዜማ ላይ ይህ ይበዛል። የሕዝቡ ዜማ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ቀረጻው ግን ባለቤት አለው። ሁለት ባንዶች አንዱን የሕዝብ ዜማ ሲጫወቱ ሲስተሙ ሊያምታታቸው ይችላል። ከኢንተርኔት የተገዛ፣ ሌላም ሰው መግዛት የሚችለው ቢት ወይም የማሲንቆ ሉፕ የገባበትን ትራክ ኮንቴንት አይዲ ላይ አታስመዝግቡ። ያንን ሉፕ የተጠቀመ ሁሉ ቪዲዮው ይያዝበታል፤ ጣጣው ወደ እናንተ ይዞራል።

ስቴትመንቱ ላይ «ዩቲዩብ ሬድ» የሚል መስመር ካየሽ የደንበኝነት ገቢ ነው። ስሙ በ2018 ወደ ፕሪሚየም ቢቀየርም አንዳንድ ፋይሎች ላይ አሮጌው ቀርቷል። ከማስታወቂያው መስመር ለይተሽ ያዢው፤ አማካዩ በጣም ይለያል።

ዶላር_በብር

ታክሱን ማንም አላነሣውም። የዩቲዩብ ገቢ ላይ ከአሜሪካ ተመልካች የመጣው ድርሻ የአሜሪካ ታክስ ይቆረጥበታል፤ ይህ ከጁን 2021 ጀምሮ ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት፣ ደብሊው-8ቤን የሚባለውን የአሜሪካ የታክስ ቅጽ የሞላ ሰው በዚያ ድርሻ ላይ 30 በመቶ ይቆረጥበታል። ወርሃዊ ገቢው 400 ዶላር፣ ከዚያ ውስጥ ከአሜሪካ የመጣው 150 ቢሆን፣ የሚቆረጠው 45 ነው። ቅጹን ያልሞላ የግለሰብ አካውንት ግን ከዓለም ሁሉ በመጣው ገቢ ላይ እስከ 24 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል፤ በዚሁ ምሳሌ 96 ዶላር። ሙሉት፤ ጊዜውም ያልቃል፣ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። አድሴንስ ላይ መሙላት ዲስትሪቢውተሩ ላይ መሙላትን አይተካም።

ሌላው ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲከፈት ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ2016ን ገቢ ከ2017 ጋር በብር ያነጻጸረ ሰው ባንዱ በእጥፍ አደገ ሊል ይችላል፤ በዶላር ሲታይ ግን ቀንሶ ይሆናል። መዝገቡን በዶላር ያዢ፤ ባንክ የገባውን ብር፣ የዕለቱን ምንዛሪና የመካከለኛ ባንክ ክፍያን በየራሳቸው ዓምድ ጻፊ። በሦስት ወር የተጠራቀመ አንድ ላይ ሲላክ የሐዋላው ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ አነስ ይላል።

ግጥምና_ዜማ

ግጥምና ዜማው የሌላ ሰው ነው ብለሻል። የእሱ ገንዘብ በዚህ ፋይል ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ባንዱ ከራሱ ድርሻ ካልሰጠው በቀር የሚያገኘው በሌላ መንገድ ነው። አገራችንም ይህን ትለያለች፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው፣ ለከዋኙና ለድምፅ ቅጂ አዘጋጁ ለየብቻ መብት ይሰጣል፤ በ2007 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን አስገብቷል።

አሜሪካ ውስጥ ከተደመጠው የደራሲው ሜካኒካል ሮያሊቲ (ከቀረጻው ክፍያ ተለይቶ ለግጥምና ዜማው የሚከፈል ድርሻ) ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ የሚሰበሰበው ኤምኤልሲ በሚባል ተቋም ነው። አባልነቱ በነጻ ነው፤ የሌላ አገር ዜጋም መመዝገብ ይችላል። ደራሲው ስሙን፣ የሥራውን ርዕስ፣ ድርሻውን በመቶኛና የቀረጻውን አይኤስአርሲ ያስገባል። ርዕሱን ስፖቲፋይ ላይ ባለው የላቲን አጻጻፍ ያስመዝግብ፣ የአማርኛውን አማራጭ ርዕስ አድርጎ ይጨምር። ካልተመዘገበ ገንዘቡ ባለቤቱ ያልታወቀ ተብሎ ይቀመጣል እንጂ ወደ ባንዱ አይመጣም። አቀናባሪው የዜማው ባለድርሻ ነው ወይስ በቁርጥ ተከፍሎት የጨረሰ? ይህን በጽሑፍ ያዙት፤ ከስቱዲዮ ሳይወጣ በአንድ ገጽ ላይ የሁሉም ድርሻ 100 ተደምሮ ይፈረምበት።

ቀለመ_ጣና

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፒቮቱን ሠራሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር ወጣ፦ ይኸው ዜማ በሁለት የተለያየ አይኤስአርሲ ተቀምጧል። በአንደኛው «ጣና» በአንድ ኤን፣ በሌላው በሁለት ኤን ተጽፏል። በኅዳር ወር ዲስትሪቢውተር ቀይረው ነበር።

ማሲንቆ_ቤት

እሱ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። አይኤስአርሲ 12 ፊደልና አኃዝ ነው፤ ቀረጻው እስካልተቀየረ ድረስ አይቀየርም። አዲሱ ዲስትሪቢውተር ጋ ሲጫን ባዶ ከተተወ አዲስ ይሰጠዋል። ያኔ ስፖቲፋይ ሁለት ትራክ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፦ የቀድሞው ስትሪም ወደ አዲሱ አይሻገርም፣ 1,000ውም እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ኮንቴንት አይዲ ላይም ሁለቱ እርስ በርስ ሊጋጩ ይችላሉ። የባንዱ ስም አጻጻፍ ከተለያየም ሁለት ፕሮፋይል ይከፈታል።

አዲሱ ዲስትሪቢውተር አይኤስአርሲውን ወደ ቀድሞው እንዲለውጥ ጠይቂ። አልችልም ካለ አውርደሽ በቀድሞው ኮድ፣ በአንድ ዓይነት አጻጻፍና በዚያው የድምፅ ፋይል እንደገና ጫኚ፤ የቀድሞውን ዩፒሲ የሚቀበል ከሆነ እሱንም ስጪው። የቀድሞው ዲስትሪቢውተር ካላወረደው አሁን አታስወርጂ፤ አዲሱ መውጣቱን አይተሽ ነው ያንን የምትዘጊው። ገንዘብ ከሁለቱም ለጥቂት ወራት ይመጣል፤ የቀድሞው አካውንት የክፍያ አድራሻና የታክስ ቅጽ እንዳይዘጋ።

ቀለመ_ጣና

እሺ፣ ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ። የቀረውን የ245 ስትሪም ልዩነትስ ልጠይቅበት?

ሚዛን_ቆጣሪ

ከ1 በመቶ በታች ነው፤ በእሱ ጊዜሽን አታጥፊ። የሰዓት ቀጠና፣ ዘግይቶ የተጣራ ስትሪም፣ ኢንተርኔት ተቋርጦበት ሳይገናኝ ሲያዳምጥ ቆይቶ በኋላ ቁጥሩ የተላከ ስልክ፣ እነዚህ ብቻ ያመጡታል። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ፣ ወይም አንድ አገር ሙሉ በሙሉ ከጎደለ ነው የሚጻፈው። ስትጽፊ «ገንዘባችን አነሰ» አትበዪ፤ አይኤስአርሲውን፣ ወሩን፣ አገሩን፣ በዳሽቦርድና በፋይሉ ያለውን ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጪ፤ የወረደውን ሲኤስቪም አያይዢ። እንዲህ ተለይቶ የቀረበ ጥያቄ ቢያንስ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው ጋ ይደርሳል።